ቆይቆይ ያልጨረሰው ትእዛዝ

ስልኳ ሲጠራ የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች የሚቀመጡበት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነበረች። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ስልክ አያነሳም። የማቀዝቀዣው ጩኸትና የማሽኖቹ ጉምጉምታ ተደራርበው ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ በቅጡ አይሰማም። የታናሽ ወንድሟን ቁጥር ስላየች ግን አነሳችው። ድምፁ የማታውቀው ሰው ነው። የስልኩ ባለቤት ምኗ እንደሆነ የሚጠይቃት መሰላት።

«ቆይ፣ አይሰማኝም፣ ልውጣ» አለችው።

ሰውየው ጠበቃት። በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወለሉን እየወለወለች ነበርና፣ «እርጥብ ነው፣ እንዳያዳልጥሽ» አለቻት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ «እሺ፣ አሁን ንገረኝ» አለች።

ነገራት። ፌርማታው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አውቶቡስ እየጠበቁ ነበር። አውቶቡሱ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ተነሣ፣ ወንድሟ አልተነሣም። እንቅልፍ የጣለው መስሏቸው ትከሻውን ነካ ነካ አደረጉት። ስልኩ ላይ መጨረሻ የተደወለበት ቁጥር የእሷ ስለነበር ነው ለእሷ የደወለው።

«አዝናለሁ እህቴ» አለ ሰውየው። «ብቻውን አይደለም። አብሬው አለሁ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ሰው ሲጠይቃት የምትናገረው ይህንኑ ነው። ብቻውን አልነበረም።

ሟቹን በሥራ ቦታው ማንም በስሙ አይጠራውም ነበር፤ ቆይቆይ ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ሰዎች ቢሆኑም እሷ ቃሏን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቃታለች። ጫማህን አድርግ ሲሉት ቆይ ነው። ና ብላ ሲሉት ቆይ ነው። ዳቦ ሲላክ ዳቦ ቤቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ነው የሚደርሰው። እናታቸው፣ «ይሄንን ልጅ ዘጠኝ ወር አልበቃውም፤ ለምነነው ነው የወጣው» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር። ሰነፍ ግን አልነበረም። አንድን ነገር ከመንካቱ በፊት ዞሮ ማየት ይወዳል፣ ያ ብቻ ነው። መጋጠሚያው የላላ ወንበር ቢያገኝ መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ገልብጦ ሲያየው ይውላል። ከጠገነው በኋላ ግን ወንበሩ ዳግመኛ አይላላም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሲቀጠር እሷ ቀድማው እዚያው ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ ስለምትበልጥ ትልቁም ትንሹም «እትዬ» ነው የሚላት። ወንድሟም በሰው ፊት እትዬ ይላታል፤ ሰው ከሌለ ግን «አንቺ ሴትዮ» ነው። ምሳውን በክዳን ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ በልቶ ሲያበቃ ዕቃውን እዚያው አጥቦ፣ አድርቆ፣ ደረቅ መሆኑን በጣቱ አረጋግጦ ቦርሳው ውስጥ ያስገባል። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እሷ ስፌት ሲበዛባት ቁልፍ የሚተክለው እሱ ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ አባቷን ቁርጥ፤ እሷም ቆይ ማለት ትወዳለች።

እህትና ወንድም አብረው የሚጠብቁት የምስል ማከማቻውን ነው። ማከማቻው ቁመቱ ከሰው የሚስተካከል የብረት ቁምሳጥን ነው። በትንንሽ መሳቢያ የተሰገሰጉ ዲስኮች አሉበት፤ በሆስፒታሉ የሚነሣ ራጅና ሌላም ምስል ሁሉ የሚቀመጠው እነሱ ላይ ነው። ምስሉ ለሁሉም ዲስኮች ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ ተጋግዘው የእሱን ድርሻ ይሸፍናሉ። ሁለት አንድ ላይ ከሞቱ ግን አለቀ፣ የሁሉም ምስል ነው የሚጠፋው። በየመሳቢያው ፊት የምስር ፍሬ የምታህል መብራት አለች። ደህና ሲሆን አረንጓዴ ትሆናለች፣ ሲታመም ቀይ።

ዲስክ ደግሞ እንደ ጥርስ ነው፣ በአንድ ቀን አይበላሽም። አንድ ቦታ ማንበብ ያቅተዋል፣ መልሶ ይሞክራል፣ ያቃተውን ይቆጥራል። ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ ወይም ስህተቱ ባጭር ጊዜ ሲደጋገም መብራቷ ትቀላለች፣ ቁምሳጥኑም ይጮኻል። ፋብሪካው ለዚህ የሰጣቸው ትእዛዝ አንድ መስመር ነው። ሥዕልና ቁልፍ በሌለው ጥቁር መስኮት ላይ ትጽፈዋለህ፣ ትጫነዋለህ። መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ቁጥሩም ዜሮ ይሆናል።

የክፍሉ ሰዎች ፈረቃ ሲቀያየሩ ቀይ መብራት ትቶ መሄድ እንደ ነውር ያዩት ነበር። ለሚመጣው ጓደኛ ጣጣ ትቶ መውጣት ነዋ! ስለዚህ ሁሉም ከመውጣቱ በፊት ያችን አንድ መስመር ይጽፋል፤ ይህንንም «ቤት አጽድቶ ማስረከብ» ይሉታል። በክፋት ያደረገው የለም። አብዛኛው ዲስክም ለጊዜው ደህና ሆኖ ይቀጥላል። ቆይቆይን ግን እንቅልፍ ይነሳዋል።

«ይሄ እኮ» ይላቸዋል፣ «የታመመ ሰው ትኩሳት ለክታችሁ፣ መለኪያውን አራግፋችሁ፣ ድኗል ብሎ ማሰናበት ነው።»

እንዲህ ብሎ ነው የራሱን ፕሮግራም መጻፍ የጀመረው። እሱም በዚያው በጥቁሩ መስኮት ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው፤ የዲስክን ስህተት ያጠፋል፣ ግን መጀመሪያ ያያል። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፣ የነበረውን ቁጥር ለብቻው ያስቀምጣል፣ ከዚያ ነው መብራቷን የሚያጠፋው። ለትእዛዙ ስም ያወጣለት ሽቅርቅሩ ነው። ሽቅርቅሩ ማለት ሰርቨር ክፍል ውስጥ በነጭ ሸሚዝ የሚገባ፣ ኬብል ሲስብ እንኳ እጅጌውን የማያቆሽሽ፣ አፉ የማያርፍ ባልደረባቸው ነው። «ያው አንተው ነህ፤ ቆይ በለው» አለ። ቆይ ተባለ።

«አንድ መስመር የነበረውን ነገር የፈተና ወረቀት አደረግኸው እኮ» ይለዋል ሽቅርቅሩ። «ዲስክ ነው የምናጸዳው ወይስ ሚስት ነው የምናገባው?»

«ስታገባ ስንት ጥያቄ ተጠየቅህ?»

«አንድ። እሺ አልኩ፣ አለቀ።»

«ይኸው ነው ችግርህ። ሳታነብ እሺ ትላለህ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የሽቅርቅሩ ሚስት ይህን ሰምታ ለቆይቆይ የምርቃት መልእክት ላከችለት።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙ ከማጥፋቱ በፊት «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቆይቆይ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እርግጠኛ ነህ ተብሎ አይደለሁም ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት። አላየችም። ጥያቄውን አወጣው። በምትኩ ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት መጨረሻ ያሉትን ፊደላት እንዲጠይቅ አደረገ። ፊደላቱን ለማወቅ ደግሞ ከወንበር ተነሥቶ፣ ቁምሳጥኑ ጋ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ግድ ነው። ይህንንም ያለ ምክንያት አላደረገውም። የቁምሳጥኑ መሳቢያዎች ከአንድ ነው የሚቆጠሩት፤ የፋብሪካው ትእዛዝ ግን ከዜሮ ይጀምራል። የቁምሳጥኑ አምስት ለትእዛዙ አራት ነው። በዚህች በአንዷ ልዩነት የተነሣ ደህናውን ዲስክ የነካ ሰው ከዚህ በፊት አጋጥሟል።

ለቃላቱም እንደዚያው ይጨነቃል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲያገላብጥ ሳምንቱን ሁሉ ሊከርም ይችላል። «'ስህተት ተፈጥሯል' አይባልም» ይላታል። «ማን ፈጠረው? የቱ ላይ? ይሄን የሚያነበው ሰው የደነገጠ ሰው ነው። ለደነገጠ ሰው አጭር ነው የሚጻፈው።» እሷ ጽሑፉን ታነባለች፣ ያልገባትን ትነግረዋለች፣ እሱም ክዳን ዕቃውን እያጠበ ይሰማታል። ፕሮግራሙ ለሙከራ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ተጭኖ ነበር። ሌላው ሰው ገና በድሮው ትእዛዝ ነው የሚሠራው። ለሁሉም ሊያከፋፍለው ሲዘጋጅ ነው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የቀረው።

የቀብሩ ዕለት የክፍሉ ሰው አንድ ሳይቀር መጣ። አለቃቸው ወፍራም፣ ቶሎ የሚደነግጥ፣ ሆደ ቡቡ ሰው ነው። ተረኛ እንኳ ሳይተው በሩን ቆልፎ ሁሉንም በሆስፒታሉ መኪና ይዟቸው መጣ። ሽቅርቅሩ ነጩን ሸሚዝ በጥቁር ቀይሮ፣ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ሆኖ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ዋለ። እሷ ይህንን አይታ ልቧ ተነካ። ወንድሟ የሚወደድ ሰው መሆኑን የማታውቅ ሆና አይደለም፤ ይህን ያህል መሆኑን ግን አላወቀችም ነበር።

ወደ ሥራ በተመለሰች በማግስቱ፣ ጠዋት ሻይዋን ሳትጨርስ ቁምሳጥኑ ጮኸ።

የሚጮኸው ሌላ ጊዜም ነው። ስትገባ ግን ሁለት ቀይ መብራት አየች። ሦስተኛውና ሰባተኛው መሳቢያ። ማከማቻው ራሱን ዘግቷል፣ የሌሎቹ መብራት መርገብገብ አቁሟል። የቁምሳጥኑን በር ይዛ ቆመች።

ሽቅርቅሩ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነ?»

«ሁለት» አለችው።

ፊቱ ልክ እንደ ሸሚዙ ሆነ።

የምስሎቹ ቅጂ የሚያዝበትን ካሴት ሄዳ አየችው። ካሴቱን በየጊዜው የሚቀይረው ወንድሟ ነበር፤ የገባው ካሴት የቀብሩ ዋዜማ ላይ ሞልቶ ቆሟል። ማንም አላስታወሰውም። እሷም አላስታወሰችውም። ከዚያ ወዲህ የተነሣ ምስል ሁሉ ከዚህ ቁምሳጥን በቀር የትም የለም ማለት ነው።

ከሰርቨር ክፍሉ አጠገብ ወዳለው የሥራ ክፍላቸው ስትመለስ አለቃው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሰክቶ ገባ። ከኋላው አረንጓዴ ልብስና ቆብ ያደረገች ቀዶ ሐኪም ተከትላዋለች።

«ሰውየው ተዘጋጅቶ ተኝቷል» አለች ሐኪሟ። ድምፅዋን አላነሳችም። «አናጢ ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለች አንዲት የደም ሥር አብጣለች። ምስሉ የተነሣው ከትናንት በስቲያ ነው። ያለ ምስሉ ከየት እንደምገባ አላውቅም።»

«ሌላ ማንሣት አይቻልም፣ ዶክተር?»

«ምስሉ እንዲታይ የሚወጋው ቀለም አለ፤ ኩላሊቱ የመጀመሪያውንም በግድ ነው የቻለው። ሥሯ ደግሞ እስከ ነገ ትጠብቀኝ እንደሆነ እንጃ። ታገኙልኛላችሁ ወይስ አታገኙልኝም? ቁርጡን ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ቁርጡን አላውቅም» አለች። «ይሞከራል።»

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀችና በሩ አጠገብ ቆመች። አልሄደችም።

«ክሊር አድርጊያቸዋ!» አለ አለቃው። «ሁለቱንም አጽጂና ይነሣ! ዳይሬክተሩ መስመር ላይ ነው።»

«አንዱ የምር የሞተ ከሆነ፣ አብሮ ሲነሣ የሌሎቹን ምስል ያበላሻል። አንዱን ብቻ ነው ማስነሣት ያለብኝ። ደህናውን።»

«ደህናው የቱ ነው?»

የወንድሟ ፕሮግራም ያለበት ማሽን ፊት ተቀመጠችና «ቆይ» ብላ ጻፈች። ከሞተ ወዲህ ስትከፍተው የመጀመሪያዋ ነው። ፕሮግራሙ በወጉ ዘረዘረላት። ሦስተኛው ዲስክ ላይ የተቆጠረው ስህተት ብዙ ነው፣ የዓመታት ጥርቅም። ሰባተኛው ላይ በጣት የሚቆጠር። ቀጥላ ሰባተኛውን እንዲያስነሣላት አዘዘችው። መስኮቱ ላይ እንዲህ የሚል መጣ፦

ሁለት ናቸው። ለዚህ ገና አልወሰንኩም። አትንካው፣ ደውልልኝ።

ከሥሩ የውስጥ ስልኩ ቁጥር አለ።

ከኋላዋ ሽቅርቅሩ አነበበውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ምን ይላል?» አለ አለቃው ከሩቅ።

«ደውልልኝ ይላል።»

«ማን?...» ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ። ስልኩ ውስጥ የዳይሬክተሩ ድምፅ ብቻውን ሲያወራ ይሰማል። ባዶው የወንድሟ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ስልክ ሁሉም ላለማየት ተጠነቀቀ።

እሷ እንባ አልመጣላትም። የመጣላት ንዴት ነው። ይህን ሁሉ ዓረፍተ ነገር ስታገላብጥ ከርመህ፣ ለዚህች ለቁርጧ ቀን ይህችን ትተህልኝ ሄድክ? አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ አፈረች። ሳያውቅ ያወቀ መስሎ አለመጻፉ የእሱ ጠባይ ነው።

«እትዬ» አለ አለቃው አሁን በለሆሳስ፣ «ቁጥሩ እየተናገረ አይደለም? ሰባት ትንሽ ነው። ሰባትን አስነሺ።»

ነገሩ እውነት ይመስላል። ማንም ሰው ቁጥሩን አይቶ ሰባትን ነው የሚመርጠው። ወደ ድሮው ትእዛዝ መስኮት ዞራ መጻፍ ጀመረች። ግን ጣቷ ቆመ። ዝርዝሩን እንደገና አየችው። ዲስኮቹ ሁሉ የተገዙት አብረው ነው፣ የሚሠሩትም አብረው። የሁሉም ቁጥር ጠጋ ጠጋ ያለ ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሽማግሌ ሆነው ሰባት ብቻውን ልጅ እግር የሆነው በምን ተአምር ነው?

ወንበሯን አዞረች።

«ሰባትን ማነው ያጸዳው?»

«ማንም አልነካውም» አለ አለቃው። «ደግሞ አሁን ይሄ ምን...»

«አንተን አይደለም የጠየቅሁት።»

ሽቅርቅሩን ነበር የምታየው። ሽቅርቅሩ የሸሚዙን እጅጌ ይጎትታል፣ ይለቃል። ሐኪሟ የግድግዳውን ሰዓት አየችና ዓይኗን ወደ እሱ መለሰች።

«ስማ» አለችው የቆይቆይ እህት። «ማንንም ልወቅስ አይደለም። የተጸዳ ከሆነ ይሄ ቁጥር የጥቂት ቀን ቁጥር ነው። በጥቂት ቀን ይህን ያህል የታመመ ዲስክ ደግሞ እየሞተ ነው። ካልተጸዳ ግን ደህናው እሱ ነው። የሰውየው ነፍስ አንተ አፍ ላይ ናት። ተጸድቷል ወይስ አልተጸዳም?»

«ተጸድቷል» አለ።

«መቼ?»

«የቀብሩ ዕለት።» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ልንወጣ ስንል ቀላ። እንዲያ ጥለነው ብንሄድ ስልካችን ላይ ይጮኽ ነበር፣ ከመቃብሩ ላይ አንዳችንን ይጠራ ነበር። ዛሬን እንኳ ይቅር አልኩ። ማንም ከእሱ ቀብር እንዳይነሣ ብዬ ነው፣ እትዬ። በድሮው ትእዛዝ አጸዳሁት። ስመለስ አረንጓዴ ነበር... ረሳሁት።»

አለቃው ስልኩን ከጆሮው አወረደው። «ቅድም ዋሽቻለሁ። እኔ ነኝ አጽዳው ያልኩት» አለ። «ብቻውን አይደለም።»

ስለ እነሱ የምታስብበት ጊዜ አልነበራትም። ወንድሟ ይህን ሁሉ የለፋው ሳያዩ ቀይ መብራት እንዳያጠፉ ነው፤ እነሱ ደግሞ መብራቱን ያጠፉት እሱን በሰላም ለመቅበር ነው። ቢጽፉት ማን ያምናል?

«እንግዲያው ሦስት ነው» አለች። «ቁጥሩ የበዛው የእድሜውን ስለተናገረ ነው።»

የቆይ ፕሮግራም ሁለት ቀይ እያየ አንዱንም አይነካም። ስለዚህ የቀራት የድሮው ትእዛዝ ነው፣ ምንም የማይጠይቀው። ወንድሟ ፕሮግራሙን ያስተማረውን በእጇ ልታደርገው ተነሣች። መጀመሪያ የሁሉንም ዲስክ ቁጥር ወረቀት ላይ ገለበጠች። ከዚያ ሽቅርቅሩን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችና እሷ የሰርቨር ክፍሉን በር ከፍታ ትታ፣ ቁምሳጥኑ ጋ ሄዳ በጉልበቷ ተንበረከከች። የሦስተኛውን መሳቢያ ወረቀት በስልኳ መብራት አየች።

«ጻፍ፤ ግን እንዳትጫን!» ብላ በጩኸቱ ላይ ጮኸች።

«ጽፌያለሁ!»

«ስክሪኑ ላይ የመረጥከው ዲስክ መጨረሻ ምን ይላል? አንብብልኝ!»

አነበበላት። እሷ የያዘችው ሌላ ነው።

«ድገመው!»

ደገመው። ሌላ ነው። ጎን ወዳለው መሳቢያ፣ ወደ አራተኛው፣ መብራቱን አዞረች። እሱ ያነበበላት ደህናውን የአራተኛውን ነበር።

«እጅህን አንሳ!» አለች። «ከኪቦርዱ ላይ እጅህን አንሳ!»

ሁለት እጁን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ አነሣ። ሦስት ብሎ ነበር የጻፈው። ለትእዛዙ ሦስት ማለት አራተኛው ነው። ጠፍቶት አይደለም፤ ይህን ጉዳይ ስንቴ ተጨቃጭቀውበታል። ደንግጧል።

አጠፋው። ሁለት ብሎ ጻፈ። አነበበላት። እሷ በጣቷ ወረቀቱን እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል፣ ከእሱ እኩል አነበበች። ገጠመ። አንዴ አስደገመችው። አሁንም ገጠመ።

«ተጫን።»

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ የሦስተኛው መብራት ጠፋች። ጨርሶ ጠፋች። መብራቷ ብልጭ አለች፣ ቢጫ፣ እንደገና ብልጭ፣ አረንጓዴ። የሌሎቹም ተከታትለው መርገብገብ ያዙ። ማከማቻው ተነሣ።

ማንም እሰይ አላለም። የአናጢው ምስል መጀመሪያ እንዲወጣ አዘዘች። መገልበጡ ሲጀምር ሦስተኛው ዲስክ አንድ ጊዜ ተንገዳገደ። ቁጥሩ በአንድ ጨመረ፣ ሁሉም አየው። ሐኪሟ ሳታውቀው የእሷን ክንድ ይዛ ነበር። ዲስኩ መልሶ ሞከረ። አነበበ። ቀጠለ። አለቀ።

ሐኪሟ ክንዷን ለቀቀች። «እዚያ እከፍተዋለሁ» ብላ ስትወጣ መጀመሪያ ተራመደች፣ ኮሪደሩ ላይ ሮጠች።

የተረፈውን ምስል ወደ ሌላ ማሽን ሲገለብጡ ዋሉ። ምሳ የበላ የለም። ሽቅርቅሩ አንድም ቀልድ አልቀለደም። አመሻሹ ላይ ሰባተኛውን ዲስክ ነቅለው ጠረጴዛ ላይ ለብቻው ሞከሩት። መጀመሪያ ደህና ይመስላል፣ ትንሽ እንደሄደ ግን እንደ ተሰበረ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረና ቆመ። ሦስቱም ጠጋ ብለው ሰሙት። በእሱ ላይ ተመርኩዘው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መናገር አላስፈለገም።

ከቀዶ ጥገናው ክፍል ተደወለ። አናጢው ወጥቷል፣ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። አለቃው መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጠረገው።

ወደ ቤት ሲወጡ ሽቅርቅሩ በሩ ላይ ጠበቃት።

«እትዬ፣ አንቺ ስድብ አታውቂም እንዴ? አንድ ነገር በይኝ እንጂ።»

«ምን ልበልህ?»

«ምንም ይሁን። ዝምታሽ ገደለኝ።»

«ነገ ያንን ሸሚዝ ለብሰህ ና» አለችው። «ካሴት የምትቀይረው አንተ ነህ። ካሴቱ ያለበት መደርደሪያ አቧራ ነው።»

ሊስቅ ሞከረ፣ እንባው ቀደመው። ትከሻውን መታ መታ አደረገችውና አውቶቡሷን ልትይዝ ሄደች።

አለቃው በሳምንቱ ጠርቷት፣ ፕሮግራሙን እሷ እንድትጨርሰው ነገራት። አስቸጋሪ አልነበረም፤ ወንድሟ ጥርት አድርጎ ነው የጻፈው። በሁሉም ማሽን ላይ ጫነችው፣ የድሮውን ትእዛዝ ዘጋችው፤ መጀመሪያ የተነጫነጩትም ለመዱት። ቀይ መብራት ትቶ መውጣት አሁን ነውር አይደለም፤ የሚመጣው ሰው አይቶ እንዲረከብ ይነገረዋል።

የሁለቱን ዲስክ ነገር ግን አልቻለችውም። ፋይሉን ከፍታ ያችን ቦታ ስንት ጊዜ አየቻት። ቁጥሩ ያነሰውን አስነሣ ብትለው፣ ቁጥሩ ሲዋሽ አይታለች። የበዛውን አስነሣ ብትለው የባሰ ነው። ሰዎቹን ጠይቅ ልትል ትፈልጋለች፤ ፕሮግራም ግን በዚያ ቀን ማን የት እንደነበረ፣ የማን ቀብር እንደነበረ፣ ማን አፍሮ ዝም እንዳለ የሚጠይቅበት መንገድ አላገኘችለትም። እንዲሁ ሞክራ የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር ለወንድሟ ሚስት አነበበችላት። እሷም ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «እሱ ቢሆን ያጠፋው ነበር» አለቻት። እውነቷን ነበር። አጠፋችው።

ፕሮግራሙ አንድ ዲስክ ሲታመም ይሠራል። ሁለት አንድ ላይ ሲታመሙ ምን እንደሚያደርግ እስካሁን አልተጻፈም።